የሙዚቃ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ አንድ ማይክ

በዚህ መጽሔት ላይ ሦስት ዓመት ሙሉ «መቅረጫ የለንም» እያልኩ ጽፌያለሁ። ዘንድሮ አለን። አንድ ማይክ፣ አንድ ኢንተርፌስ (የማይኩን ድምፅ ወደ ላፕቶፕ የሚያስገባ ትንሽ ሳጥን)፣ አንድ ሄድፎን፣ አንድ የማይክ ማቆሚያ። ላፕቶፑ የኔው ነው። ሁሉም ተጠቅልሎ አንድ የተማሪ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። በወላጆች ቀን ጠረጴዛ ላይ ደርድረነው ሳለ አንድ አባት ጠጋ ብለው አዩና «በቃ ይሄው ነው?» አሉኝ። አዎ፣ ይሄው ነው። ብሩ ከእናንተ መዋጮና ልጆቹ በእረፍት ሰዓት ከሸጡት ሻይና ቆሎ የመጣ ስለሆነ፣ ለምን ይሄኛውን እንደመረጥን የማስረዳት ግዴታ አለብኝ።

የተለመደውን በአጭሩ። ክበቡ 23 አባላት አሉት። ዓርብ ዓርብ ከትምህርት በኋላ እንገናኛለን። በመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት አራቱን ቅኝቶች፣ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን፣ በክራር ተለማመድን። በሰንደቅ ዓላማ ቀን ዘመርን። ሁለት ሳምንት በፈተና፣ አንድ ሳምንት ደግሞ የክፍሉ ቁልፍ ጠፍቶ ሳንገናኝ ቀረን። ቁልፉ ተገኝቷል።

ወደ ዕቃው ልመለስ። እስከ ዘንድሮ የምንቀዳው በስልክ ነበር። ስልክ ድምፁን በራሱ ጊዜ ከፍ ዝቅ ያደርገዋል። ከበሮው ሲመታ ክራሩ ድራሹ ይጠፋል፤ ከበሮው ሲያርፍ የግቢው ጫጫታ ከየት መጣ ሳይባል ብቅ ይላል። ለንግግር የተሠራ ነገር ነው፣ አይፈረድበትም።

ልጆቹ የፈለጉት ኮንዴንሰር ማይክ ነበር። ዩቲዩብ ላይ የሚያዩት ዘፋኝ ሁሉ እሱ ፊት ነው የሚቆመው። እኔ ዳይናሚክ ይሻላል አልኩ። «ቲቸር፣ እሱ እኮ የሠርግ ማይክ ነው!» ተባልኩ። ተከራከርን፣ አልተግባባንም። በመጨረሻ ከአንድ ወላጅ ኮንዴንሰር ተውሼ መጣሁና በክፍላችን ሞከርነው። ክፍላችንን ታውቁታላችሁ። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ከጀርባው ወፍጮ ቤት፣ ከአጥሩ ማዶ የታክሲ ተራ። አንዲት የ9ኛ ክፍል ልጅ ዘፈነች፣ እኛ ትንፋሻችንን ዋጥ አድርገን ቆምን። ስንሰማው ልጅቷ በእርግጥ ግሩም ናት። ከኋላዋ ወፍጮው አለ። ዘፈኑ ሊያልቅ ሲል ደግሞ ጥርት ባለ ድምፅ «ቃሊቲ! ቃሊቲ! አንድ ሰው!»

ክርክሩ እዚያ ላይ አለቀ። ኮንዴንሰር ጆሮው ረቂቅ ነው፤ ጸጥ ላለ ቤት ይሆናል። ለመሥራትም ከኢንተርፌሱ 48 ቮልት ይፈልጋል። ዳይናሚክ ይህን አይጠይቅም። አፉ ሥር ያለውን ይሰማል፣ ራቅ ላለው ብዙም ጆሮ አይሰጥም። ቢወድቅም አይሰበርም፤ 23 ልጅ ባለበት ክበብ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

በነገራችን ላይ የእንቁላል ካርቶንም ሞክረናል። ልጆቹ ከየሱቁ ለቅመው አንዱን ግድግዳ ሞሉት። ቀጭን ቀጭኑን ድምፅ ትንሽ ይውጣል እንጂ ወፍጮ አያግድም። ከዘፋኟ ጀርባ የተሰቀለ አንድ ወፍራም ብርድ ልብስ ከካርቶኑ ሁሉ በለጠ። ካርቶኑን ያላነሳሁት ለልፋታቸው ስል ነው።

ማይኩን ለመግዛት መርካቶ ሄድን፣ እኔና ሁለት ልጆች። የፈለግነው ሹር ኤስኤም58 የሚባለውን ዳይናሚክ ማይክ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ በየመድረኩ ያለ ማይክ ነው፤ ስለዚህም በየቦታው አስመስለው ይሠሩታል። ሻጩ በእናቱ ስም ማለልን። ማሸጊያው ያምራል፣ ጽሑፉ ያምራል፣ ዋጋው ከሁሉ የበለጠ ያምራል። ገዛን። ሰኞ ጠዋት የፊዚክስ መምህራችን አየት አድርገው «እስቲ ወደ ላብራቶሪ አምጡት» አሉ። ትክክለኛው ያለ ኬብሉ 298 ግራም ነው የሚመዝነው። የኛ ሚዛኑ ላይ ሲቀመጥ 240 እንኳ አልሞላም። ልጆቹ ሳቁ፣ እኔ አልሳቅኩም። ተመልሰን ሄደን ብሩን ለማስመለስ ግማሽ ቀን ፈጀብን። በመጨረሻ እውነተኛውን ሠርግ ላይ ከሚጫወት አንድ ልጅ አሮጌውን ገዛን። ወንፊቱ ትንሽ ተጨርምቷል። 298 ግራም ነው።

ኢንተርፌሱ ርካሽ ነው፣ አልዋሽም። አንድ የማይክ መግቢያ ብቻ አለው። የመረጥነው ግን መብራት የሚወስደው ከራሱ ከላፕቶፑ ስለሆነ ነው፤ ግድግዳ ላይ የሚሰካ ነገር የለውም። ላፕቶፑ ላይ የምንቀዳበት ፕሮግራም ኦዳሲቲ ነው፣ በነፃ የሚገኝ። ሄድፎኑ ደግሞ ጆሮን ሙሉ የሚሸፍን፣ ባለ ገመድ። የብሉቱዙን ልጆቹ በጣም ወድደውት ነበር፤ ግን ድምፁ ዘግይቶ ስለሚደርስ ዘፋኙ ራሱን እያሳደደ ይዘፍናል።

መብራት ስል አንድ ቅዳሜ ትዝ አለኝ። እውነት ለመናገር ይህን ሁሉ የምጽፈው እሱን ለመንገር ነው።

አንዲት የ10ኛ ክፍል ልጅ አለችን። ዓመቱን ሙሉ ከኋላ ተቀምጣ ኬብል የምትጠቀልል እንጂ የምትናገር ልጅ አይደለችም። መጋቢት ላይ አንድ ዓርብ ሁሉም ከወጣ በኋላ ቆየችና «አያቴ ማሲንቆ ይጫወታሉ» አለችኝ። የወሎ ሰው ናቸው። ቤተሰቡ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ከገባ ወዲህ ጎረቤት እንዳይረበሽ ብለው ማሲንቆውን ግድግዳ ላይ ሰቅለውታል። ደረጃ መውጣትና መውረድ ስለሚከብዳቸው ትምህርት ቤት ሊመጡ አይችሉም። እኛ ሄድን። አምስት ልጆች፣ አንድ ቦርሳ፣ አራተኛ ፎቅ።

አባባ ማሲንቆውን አወረዱ። ደጋኑን እጣን ቀቡት፣ ጭራውን ወጠሩ፣ ላላ አደረጉ፣ እንደገና ወጠሩ። ማይካችን አንድ ስለሆነ ድምፃቸውንና ማሲንቆውን አንድ ላይ መያዝ ነበረበት። ልጅቷ በአገጫቸውና በቆዳው መካከል አስተካክላ አቆመችው። ጀመሩ። ገና ሁለተኛው ስንኝ ላይ ኦዳሲቲ ቀይ አሳየ፤ ድምፁ ሞልቶ ፈስሷል። ሁላችንም ዝም አልን፤ ሽማግሌ ማን ያቋርጣል?

«አባባ፣ ትንሽ ወደ ኋላ ይበሉ። ቀይ በርቷል» አለች ልጅቷ።

አባባ ደጋኑን አቁመው አዩዋት። ከዚያ ወንበሩን አንድ ስንዝር ያህል ጎተት አድርገው «እሺ እናቴ» አሉ።

እንደገና ሲጀምሩ መብራት ጠፋ። ፍሪጁ ጸጥ አለ፣ ከታች ያለው ቴሌቪዥን ጸጥ አለ። ላፕቶፑ በባትሪው፣ ኢንተርፌሱ በላፕቶፑ፣ መቅዳቱን ቀጠሉ። ያን ዕለት የሰፈሩ መብራት መጥፋቱ የዓመቱ ትልቁ ዕድላችን ነበር፤ እንዲህ ያለ ጸጥታ በገንዘብ አይገዛም። መሃል ላይ እማማ ቡና ይዘው ሲገቡ ሲኒዎቹ ተንኳኩ። አባባ አላቆሙም።

ሲጨርሱ ሄድፎኑን አደረግንላቸው። ዐይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው አዳመጡ። አድናቆት ጠብቀን ነበር። «መሃል ላይ ጭራዋ ላልታለች። ይደገም» አሉ። ባትሪው 9 በመቶ ደርሶ ነበር። አልተደገመም።

የጥንቱ ዘፋኝ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹት እ.ኤ.አ. በ1908 ጀርመን ሄደው ሳሉ ነው። ለልጆቹ በደረጃው ስንወርድ ነገርኳቸው። አንዱ «እኛስ አራተኛ ፎቅ ብቻ ነው የወጣነው» አለ። በወላጆች ቀን የሰማችሁት የሲኒ ድምፅ ያለበት ቅጂ የዚያን ቀኑ ነው። ብዙዎቻችሁ የቴክኒክ ችግር መስሏችሁ ወደኔ ዞራችሁ ነበር።

ያልተሳካም አለ። የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ቅጂዎች በሙሉ አንድ ፍላሽ ላይ ብቻ ነበሩ፤ ቫይረስ በላቸው። ጥፋቱ የኔ ነው፣ አሁን ሁለት ቦታ እናስቀምጣለን። ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚዘፍን ሰው ስንቀዳ ኢንተርፌሱ ከሥር «ሽሽሽ» ይላል። ሚያዝያ ላይ ዝናብ በቆርቆሮው ላይ ሲወርድ አራት ዓርብ ሳንቀዳ ሻይ ጠጥተን ተበታትነናል።

ለሚቀጥለው ዓመት የምንጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ባለ ሁለት ማይክ ኢንተርፌስ ከአንድ ተጨማሪ ማይክ ጋር። እንደ ፎከስራይት ስካርሌት 2አይ2 ያለው ይበቃል፤ ከላፕቶፑ ነው መብራት የሚወስደው፤ ዘፋኙንና ክራሩን ለየብቻ ይይዛል፣ አንዱ ቢጮህ ሌላውን ሳንነካ ዝቅ እናደርገዋለን። ሁለተኛው ቆርቆሮ የሌለው ክፍል። ከቤተ መጻሕፍቱ ሥር ያለችው፣ የተሰበሩ ወንበሮች የታጎሩባት ክፍል ትበቃናለች፤ ወንበሮቹን እኛው እናወጣለን። ለስፖርት ክበብ ኳስ ሲገዛ «ኳስ ምን ይሠራል?» ብሎ የጠየቀ ሰው አላጋጠመኝም። ማይክ ምን እንደሚሠራ ግን ዘንድሮ ሦስት ስብሰባ ላይ አስረድቻለሁ።

አባባ በልጅቷ በኩል ሁለት ጊዜ ልከውብኛል። «ጭራውን ቀይሬያለሁ፣ መቼ ነው የምትመጡት?» ነው መልእክቱ። ሁለተኛው ማይክ ሲገኝ ብያለሁ።