ዐውደ ርእዩ የት ይሁን?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

የድሮ ገንዘብ ሰብሳቢዎች ስንገናኝ ክርክራችን አንድ ነው፤ ቀጣዩ ዐውደ ርእይ የት ይሁን? የአዳማ ልጅ ነኝና ለከተማዬ ባደላ አይፈረድብኝም። አዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ ከሐረር፣ ከድሬዳዋ፣ ከአሰላ ወደዚያ የሚሄድም በእኛ በኩል ያልፋል።

ግን ቅርበት ሰው ያመጣል እንጂ አያቆይም። ባለፈው በአንድ ሆቴል አዳራሽ ስንሰባሰብ፣ ከአዲስ አበባ የመጡት ሻጮች ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሣጥናቸውን ዘግተው በፈጣን መንገዱ ተመለሱ። አሥር ሰዓት ላይ አንዲት እናት በነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን ጠገራ ብር ይዘው መጡ። 1780 ይላል። ይህ ቁጥር ብቻውን ዕድሜውን አይናገርም፤ መልኳ የተቀረጸበት የኦስትሪያዋ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ ከሞተች በኋላም ያንኑ ዓመት እንደያዘ ለብዙ ዘመን ሲታተም ኖሯል። በማጉያ መነጽር አይቶ የሚለይላቸው ባለሙያ ግን መንገድ ላይ ነበር። እኔ እንደሆንኩ የምሰበስበው የምኒልክን ብር ነው፤ አፍሬ ሸኘኋቸው።

በአንጻሩ ከአዲስ አበባ እስከ ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ያድራል፤ ቤተሰቡንም ሐይቁ ዳር ያዝናናል። በአሜሪካ የሳንቲም ሰብሳቢዎች ማኅበር ዐውደ ርእዩን ከከተማ ከተማ ቢያዞርም፣ ደጋግሞ የሚመለስባት ሮዝሞንት የቺካጎ አውሮፕላን ማረፊያ ጎረቤት ናት። ለእኛ አውቶቡስ ተራውና ባቡሩ ይበቁናል።

ስለዚህ አዳማ ይሁን፤ ግን ቅዳሜና እሑድ፣ የጠረጴዛው ኪራይም ለሁለቱም ቀን አስቀድሞ ይከፈል። የሐዋሳ ተራ ሲደርስ ዓሣውን እኔ እጋብዛለሁ።

አንድ ሰብሳቢ፣ ከአዳማ