የወንድማችንን ሕይወት ለታደጋችሁ ሁሉ ከቤተሰቡ የቀረበ ምስጋና

ወንድማችን በማጅራት ገትር ሳቢያ አልቆም ባለ የሚጥል ሕመም ተይዞ ሆስፒታል በገባበት ጊዜ ለደረሳችሁልን ሁሉ፣ በቅድሚያ እግዚአብሔርን አመስግነን፣ ይህን የምስጋና መልእክት በአክብሮት እናቀርባለን።

የድንገተኛ ክፍል ባለሙያዎች ዲያዜፓም፣ ቀጥሎም ፌኒቶይንና ፌኖባርቢታል ሰጥታችሁት መንቀጥቀጡ አልገታ ሲል፣ በጽኑ ሕሙማን ክፍል ታይዮፔንታል በተባለ የሰመመን መድኃኒት እንዲተኛ ወሰናችሁ። እናታችን «የታመመ ልጄን ደግሞ ለምን ታስተኙብኛላችሁ?» ብላ በጠየቀች ጊዜ፣ በዚያ ሁሉ ጥድፊያ መካከል ቁጭ ብላችሁ ስላስረዳችኋት ውለታችሁ ከባድ ነው። ጋባ የተባለው የአንጎል ንጥረ ነገር በነርቭ ሕዋስ ላይ ያለውን በር ሲከፍት ክሎራይድ ወደ ውስጥ ገብቶ ሕዋሱን እንደሚያረጋጋው፣ ዲያዜፓም በሩ ቶሎ ቶሎ እንዲከፈት ሲያደርግ ፌኖባርቢታልና ታይዮፔንታልን የመሳሰሉት ባርቢቹሬት የሚባሉ መድኃኒቶች ግን ተከፍቶ የሚቆይበትን ጊዜ እንደሚያረዝሙ፣ መጠናቸው ከፍ ሲልም ያለ ጋባ በራሳቸው ሊከፍቱት እንደሚችሉ የተረዳነው ከእናንተ ነው። ኃይላቸውም አደጋቸውም ከዚሁ የሚመነጭ በመሆኑ፣ ትንፋሹ ሊቆም፣ የደም ግፊቱም ሊወርድ ስለሚችል በመተንፈሻ መሣሪያ እየረዳችሁ ሌሊቱን ሙሉ ከአጠገቡ ያልተለያችሁ ነርሶችና የሰመመን ባለሙያዎች ድካማችሁን አይተናል። ታይዮፔንታሉ ከቆመ በኋላ ሳይነቃ ሲቀርም፣ በሰውነት ስብ ውስጥ ተከማችቶ ቀስ በቀስ ስለሚወጣ እንደሆነ ነግራችሁ ተስፋ እንዳንቆርጥ አድርጋችሁናል።

ጀርመናዊው ሐኪም አልፍሬድ ሃውፕትማን የፌኖባርቢታልን የሚጥል ሕመም የመከላከል ጥቅም ያሳወቁት በ1912 እ.ኤ.አ. ነው፤ ይህን ያህል ዕድሜ ያለው መድኃኒት ዛሬም ዋጋው የእኛን ቢጤ ቤተሰብ የማይከብድ መሆኑ፣ እውነቱን ለመናገር፣ አስገርሞናል።

ወንድማችን አሁን በቤቱ ሆኖ ማታ ማታ ፌኖባርቢታሉን ይወስዳል። በድንገት ቢቋረጥ መንቀጥቀጡ ብሶ ሊመለስ እንደሚችል፣ ጉበት ሌሎች መድኃኒቶችን የሚያስወግድበትን ፍጥነት ስለሚጨምርም ያለ ሐኪም ምክር ሌላ መድኃኒት እንዳይደርብ ደጋግማ ያስጠነቀቀችንን የጤና ጣቢያችንን ፋርማሲስት፣ በየተራ አብረውን ያደሩትን ጎረቤቶቻችንን፣ እንዲሁም ጠበሉን ሲጠመቅ ኪኒኑን እንዳያቋርጥ አጥብቀው የመከሩትን የንስሐ አባታችንን ከልብ እናመሰግናለን። ብድራችሁን እግዚአብሔር ይክፈልልን።

ቤተሰቡ