ኮዱን ከመክፈትሽ በፊት

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደብረ ማርቆስ ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አሁን የጀመርሽው የፕሮግራመርነት ሥራ፣ ለፊልም ቪዥዋል ኢፌክት የሚሆን ሶፍትዌር መሥራቱ፣ ውሎሽን ከቅሬታ ጋር እንደሚያደርገው ከወዲሁ እወቂው።

ተጠቃሚዎች «ሶፍትዌሩ ይዘጋብኛል» ሲሉሽ ኮድ አትክፈቺ። የሶፍትዌሩን ቨርዥን እስከ መጨረሻዋ ቁጥር፣ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን፣ የግራፊክስ ካርዱን ድራይቨር ጠይቂ። ከዚያ የፕሮጀክቱን ኖዶች (ምስሉ ላይ አንድ አንድ ሥራ የሚሠሩትን ተያያዥ ክፍሎች) ግማሽ ግማሹን እያወጣሽ ሞክሪ። አሁንም ከተዘጋ ጥፋቱ የቀረው ውስጥ ነው፤ ካልተዘጋ የወጣውን መልሰሽ ሌላውን አውጪ። ሦስት አራት ኖድ እስኪቀር አትቁሚ። ስቱዲዮዎች ያልወጣ ፊልም ምስል አይሰጡሽም፣ ውላቸው ያስራቸዋል፤ በመጠንም በቢት ብዛትም የሚመሳሰለውን ምስል ራስሽ አዘጋጂ።

ጠርዝ ላይ የሚወጣው ጥቁር መስመር እጅግ ይበዛብሻል፣ በተለይ ፀጉርና ጭስ ላይ። ቀለሟ 0.8፣ አልፋዋ (ከኋላዋ ያለውን ምን ያህል እንደምትሸፍን የሚናገረው ቁጥር) 0.5 የሆነች ፒክስል ውሰጂ። ምስል ከምስል ላይ ለመደረብ ቀለሟ በአልፋዋ ሲባዛ 0.4 ነው፣ ልክ ነው። ተጠቃሚው ሳያውቅ ዳግመኛ ካባዛው 0.2 ይሆናል፤ ጥቁሩ መስመር ይኸው። ቀለም ሲታረምም እንዲሁ ነው። በተባዛው ላይ 0.1 ብትጨምሪ 0.5 ይወጣል፤ ትክክለኛው ግን በአልፋ አካፍሎ፣ 0.1 ጨምሮ፣ መልሶ ማባዛት ነው፣ 0.45 ይሆናል። አልፋው 0 የሆነበትን ኮዱ ለይቶ ካላለፈው ዜሮ ለዜሮ ሲካፈል ቁጥር ያልሆነ ነገር ይወጣል፤ እንዲህ ያለች አንዲት ፒክስል ብለር (ምስል ማደብዘዣ) ውስጥ ስትገባ ዙሪያዋን ሁሉ ትበክላለች።

«ዘገየ» ለሚሉሽ ሒሳቡን አሳዪ፦ 4096 በ2160 ፒክስል የሆነ ፍሬም (አንዱ የፊልም ምስል)፣ በ4 ቻናልና በ16 ቢት፣ ሳይጨመቅ 70 ሜጋባይት ገደማ ነው። በሰከንድ 24 ፍሬም ሲሆን 1.7 ጊጋባይት። ብዙ ጊዜ የደከመው ዲስኩ ነው።

አዲስ ፕሮግራመር የሚስተው ግን ይህን ነው፦ ስህተት ስታርሚ ሥዕሉም ይለወጣል። ፊልም ዓመትና ከዚያ በላይ ይሠራል፤ አምና የጸደቀ ሾት ዛሬ ተከፍቶ ቀለሙ ቢቀየር ደንበኛው በቁጣ ነው የሚደውለው፣ ሒሳቡ ያንቺ ትክክል ቢሆንም። አሮጌው ፕሮጀክት በአሮጌው ስሌት ይሂድ፣ አዲሱ ኖድ በአዲሱ። ሁዲኒ የሚባለው የቪዥዋል ኢፌክት ሶፍትዌር አሮጌ ኖዶችን ደብቆ የሚያቆየው ለዚህ ነው። ካረምሽ በኋላ ሥዕሉን ኮዱ በተቀየረ ቁጥር በሚሮጠው ቴስት ውስጥ አስገቢው፤ ከአዲሱ ውጤት ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ልዩነት ፍቀጂለት፣ ሲፒዩና ጂፒዩ (የኮምፒዩተሩና የግራፊክስ ካርዱ ማስሊያ) ቁጥር የሚደምሩበት ቅደም ተከተል ስለሚለያይ።

ለጠርዝ ሙከራ የጢስ ዓባይ ርጭት ከጀርባው ካለው አረንጓዴ ጋር ተወዳዳሪ የለውም። በበጋ ውሃው ወደ ኃይል ማመንጫው ስለሚዞር መስከረም ላይ ነይና ቅረጪ። ካሜራውን ትራይፖድ ላይ አቁሚ፣ ኤክስፖዠሩን በእጅ ቆልፊ፣ ነጩን አታስቃጥዪ፣ በሮው (ካሜራው ባልቀነባበረው ፋይል) ያዢ። ሌንሱን የምትጠርጊበት ጨርቅ ሁለት ሦስት ይኑርሽ፣ ርጭቱ አይምርም።

አባትሽ