ከትርፉ ዜና ጋር ዕዳውንም ጻፉልን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

የአክሲዮን ማኅበራት ጠቅላላ ጉባዔ ወቅት በመጣ ቁጥር ጋዜጣችሁ «እገሌ ኩባንያ ይህን ያህል አተረፈ» በሚል ዜና ይሞላል። ጥሩ ነው። ኩባንያው ነገ ሊከፍለው ስለሚችለው ዕዳ ግን አንድ መስመር እንኳ አይገኝም። ቅሬታዬ ይኸው ነው።

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው። እንጀራዬ ደግሞ ወደ ዱከም በሚወስደው መንገድ ላይ ባለ ፋብሪካ ሂሳብ መሥራት። በሰፈራችን ዕቁብ ሲደርሰው አክሲዮን የገዛ ብዙ ሰው አለ፤ ጡረተኛው፣ አስተማሪው፣ ባለሱቋ። ሪፖርቱ ሲታደል ሁሉም የሚፈልገው የትርፍ ድርሻው ያለበትን ገጽ ነው። ከኋላ በደቃቅ ፊደል የተደረደረውን ማብራሪያ ማን ያነባል? አይፈረድባቸውም፣ አብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው።

ኩባንያው የተከሰሰበት ጉዳይ፣ የግብር ክርክሩ፣ ለሌላ ድርጅት የገባው ዋስትና፣ ፈርሞ ገና ያልከፈለው የግንባታ ውል፣ ሁሉም የሚጻፈው እዚያ ነው። በአዋጅ ቁጥር 847/2006 የተቀበልነው ዓለም አቀፍ የሂሳብ ሪፖርት ደረጃ፣ እኛ አይኤፍአርኤስ የምንለው፣ ስለ ክስ ያስቀመጠው ደንብ ከባድ አይደለም። የመሸነፍ ዕድሉ ካመዘነና ገንዘቡን መገመት ከተቻለ፣ ከወዲሁ መጠባበቂያ ይያዝለታል። ትርፉም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ነገሩ የሚያጠራጥር ከሆነ ማብራሪያው ላይ ይጻፋል። እጅግ የራቀ ከሆነ ብቻ ዝም ይባላል።

ጨዋታው ያለው መሀለኛው ላይ ነው። «ያጠራጥራል» ማለት ለሥራ አስኪያጅ ይመቻል። ትርፉም አይነካ፣ ቦነሱም አይነካ። እኔ ራሴ አክሲዮን ያለኝ አንድ ኩባንያ፣ ስሙ ይቅር፣ በጉባዔው ላይ ስለ አንድ የመሬት ካሳ ክስ ተጠየቀ። ሰብሳቢው «ጉዳዩ በፍርድ ቤት ስለተያዘ አስተያየት አንሰጥም» ብለው ወደ ቀጣዩ አጀንዳ አለፉ። ሰውም አጨበጨበ። ምሳ ደርሶ ነበር መሰለኝ። ደንቡ ግን እንዲህ አይልም። ዝርዝሩ ቢወጣ ኩባንያውን በክርክሩ ክፉኛ የሚጎዳው ከሆነ፣ መተው ይፈቀድለታል። ያኔም ቢሆን ክርክሩ በምን ጉዳይ እንደሆነና ዝርዝሩ ለምን እንደተተወ መጻፍ አለበት።

ነገሩ በክስ ብቻ አያበቃም። የስንብት ክፍያን እንይ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ይታሰባል፤ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ ሲሶ ይጨመራል። ጣሪያው የ12 ወር ደመወዝ ነው። 10 ዓመት የሠራ ሰው የ4 ወር ደመወዝ ይደርሰዋል ማለት ነው። 5 ዓመት የሞላው ሠራተኛ፣ የሥልጠና ውል ካላሰረው፣ በፈቃዱ ሲለቅም ያገኛል። ይህን በየዓመቱ አስልቶ የማይዝ ድርጅት በቅርብ አውቃለሁ። ሠራተኛው ተከታትሎ ሲወጣ ነው የሚደነግጠው።

የዶላሩ ነገርማ አይነሳ። ሐምሌ 2016 ላይ የምንዛሪ ዋጋው ለገበያ ሲተው 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር፣ ዓመት ሳይሞላው ከእጥፍ በላይ ሆነ። በዶላር ዕዳ የነበረበት ኩባንያ አንድ ሳንቲም ሳይበደር ዕዳው በብር ሲቆጠር አብሮ አበጠ። ይህንን ከትርፉ ዜና ጎን ያነበበ አለ?

አሁን ደግሞ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያው ከጥር 2017 ጀምሮ ሥራ ላይ ነው። አክሲዮን መግዛትና መሸጥ እንደ ድሮው በትውውቅ ብቻ አይሆንም። ስለዚህ ለሚቀጥለው ጉባዔ ዘጋቢያችሁን ስትልኩ ሦስት ጥያቄ አስይዙልን። ስንት ክስ አለባችሁ፣ የተጠየቀው ገንዘብ ስንት ነው? ለማን ዋስ ሆናችኋል? በውጭ ምንዛሪ ምን ያህል ዕዳ አለባችሁ? መልሱን ከትርፉ አኃዝ አጠገብ፣ በአማርኛ፣ በዚያው መጠን ባለው ፊደል አትሙልን። አንመልስም ያለ ካለም «አልመለሰም» ብላችሁ ጻፉ።

የዘወትር አንባቢያችሁ
ከቱሉ ዲምቱ