ርችቱ ይተኮስ፤ ግን ቀድሞ ይነገረን

ግልጽ ደብዳቤ ለደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ርዕሰ መስተዳድር ጽሕፈት ቤት

ክቡር ርዕሰ መስተዳድር፣

አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። የምጽፍልዎ ስለ በዓል ርችት ነው። ስንት አንገብጋቢ ጉዳይ እያለ ይሄ ምን ያደርጋል የሚል አይጠፋም። ክልላችን ግን ገና አዲስ ነው። ነሐሴ 13 ቀን 2015 ተመሠረተ፤ ሳምንታት ሳይቆዩ እንቁጣጣሽ መጣች። ዛሬ በዓል ላይ የምንለምደው ነገር ነገ ወግ ሆኖ ይቀራል። ከመነሻው ቢታሰብበት ብዬ ነው።

እኔ ርችቱን ከሚደግፉት ነኝ። የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ሲደርስ የአዲስ አበባን ሰማይ በቴሌቪዥን እናያለን። የጂንካ ልጅ፣ የሳውላ ልጅ፣ የካራት ልጅ ግን እስከ መቼ በስክሪን ብቻ ያያል? እሱም ደጅ ወጥቶ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ የራሱ ሰማይ ሲያበራ ይይ። ገንዘቡ ለመንገድና ለውሃ ይዋል የሚሉም አሉ፤ ሐቅ አላቸው። ስለዚህ ወጪው ምን ያህል እንደሆነና ከየት እንደመጣ ከበዓሉ በፊት ይነገረን። ስፖንሰር ካለም ማን እንደሆነ ይታወቅ።

ዋናው ጭንቀቴ ግን ሌላ ነው። በእኛ አገር ማታ ላይ ድንገት "ዷ!" ሲል ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው "ርችት ነው ወይስ ጥይት?" ብሎ ነው። ይሄ ጥያቄ ዝም ብሎ አልመጣም። በ2013 ኮንሶ ውስጥ በነበረው ግጭት ብዙ ሰው ቤቱን ጥሎ ወጥቷል። ከሰሜኑ ጦርነት የተመለሱ ወታደሮችም በየቀበሌው አሉ። እነዚህ ሰዎች ሳይነገራቸው ሰማዩ ሲፈነዳ ምን እንደሚሆን ያስቡት። እናት መብራት ታጠፋለች። ልጆቿን ጎትታ ከመስኮት ታርቃለች። ስልክ ታነሳለች፤ ሁሉም አንዴ ስለሚደውል ኔትወርክ አይገባላትም። እኛ አደባባይ ላይ እልል ስንል እሷ ግድግዳ ተደግፋ ቁጭ ትላለች። ለእሷም እኮ በዓሉ ነው።

መፍትሔው ብዙ ብር አይጠይቅም። የት፣ በስንት ሰዓት፣ ለስንት ደቂቃ እንደሚተኮስ ከሳምንት በፊት ይነገር። በሬዲዮ ሲነገር በአማርኛ ብቻ እንዳይሆን፤ በወላይትኛ፣ በጋሞኛ፣ በጌዴኦኛ፣ በኮንሶኛ፣ በሌሎቹም ቋንቋዎች ይነገር። ሬዲዮ የሌለው እንዲሰማ በቤተ ክርስቲያን፣ በመስጊድና በእድር ይታወጅ። "ከምሽቱ 3 ሰዓት ይጀምራል፣ በ15 ደቂቃ ያልቃል" የተባለ እንደሆነ በተባለው ሰዓት ይጀምር፤ በተባለው ሰዓትም ያብቃ። ሌሊቱን ሙሉ እየቆየ አንድ አንድ እያለ የሚፈነዳው ነው ሰውን የሚያሳቅቀው።

አንድ ነገር ልጨምር። ርችቱን አጅቦ እውነተኛ ጥይት ወደ ሰማይ የሚለቅ ሰው አይታጣም። ወደ ላይ የተተኮሰ ጥይት ደግሞ ተመልሶ ሰው ላይ ይወርዳል። ፖሊስ ይህንን ከዋዜማው በፊት በግልጽ ይከልክል፤ ተኩሶ የተገኘም ይጠየቅ።

አሁን ወደ ቦታው ልምጣ። አርባ ምንጭ ኅዳር 29 ቀን 2017 የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀንን አስተናግዳለች፤ ትልቅ በዓል እዚያ ቢታሰብ አይገርምም። ሐይቅ ዳር የሚተኮስ ርችት ለፎቶ እንደሚያምርም አውቃለሁ። ነገር ግን አባያና ጫሞ ዳር የሚያድረው ፔሊካንና ሌላው ወፍ ማስታወቂያ አይሰማም። በኔዘርላንድ ተመራማሪዎች በአየር ሁኔታ ራዳር ተከታትለው ነበር። በአዲስ ዓመት ሌሊት ርችቱ እንደጀመረ በሺዎች የሚቆጠሩ ወፎች ከማደሪያቸው ተነስተው እስከ 500 ሜትር ድረስ ወደ ላይ ወጥተዋል። በነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ ሜዳ ደግሞ በሌላ ቦታ የማይታወቅ ነገር አለን። በ1990 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች መንገድ ላይ ሞቶ ካገኙት አንድ ማታ ማታ ከሚበር ወፍ አንድ ክንፍ ወሰዱ። በዚያች ክንፍ ብቻ በ1995 እ.ኤ.አ. አዲስ ዝርያ ተብሎ ተመዘገበ። እንዲህ ዓይነት ሀብት አጠገብ ባሩድ ማፈንዳት አይገባም።

የውሃውም ነገር አለ። የሰንደቅ ዓላማችንን ቀለማት ሰማይ ላይ የሚስሉት በርችቱ ውስጥ ያሉ ንጥረ ነገሮች ናቸው፤ ባሪየም ለአረንጓዴው፣ ሶዲየም ለቢጫው፣ ስትሮንቲየም ለቀዩ። ከፈነዱ በኋላ አመዱና ቅሪቱ መሬት ይወርዳል። አርባ ምንጭ የምትጠጣው ደግሞ አጠገቧ ካለው ደን ሥር ከሚፈልቁት ምንጮች ነው። ስለዚህ ከፓርኩ፣ ከደኑና ከሐይቆቹ ራቅ ብሎ በምዕራቡ፣ በተራራው ወገን ቢተኮስ ሁለቱም የከተማዋ ክፍሎች፣ ሴቻም ሲቀላም፣ ያዩታል። ደግሞ 15 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው የርችት ጥይት 180 ሜትር ገደማ ወጥቶ ነው የሚፈነዳው፤ ለማየት ሥሩ መቆም አያስፈልግም። ድምፁ ዝቅ ያለ ርችትም አለ። ኮሌኪዮ የምትባል የጣሊያን ከተማ ድምፁ የተቀነሰ ርችት ብቻ እንዲተኮስ ደንግጋለች።

በየበዓሉ ይተኮስ ግን አልልም። የካቲት ላይ ሣሩ ደርቆ ክብሪት ይጠብቃል፤ ዓድዋን ያለ ርችትም በድምቀት ማክበር ይቻላል። የወላይታው ዘመን መለወጫ ጊፋታና የጋሞው ዮ መስቀላም የራሳቸው ድምቀት አላቸው። በዓመት አንድ ምሽት፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ ይበቃል።

በአንድ ከተማ ብቻ እንዳይቀር ደግሞ አደራ። የክልሉ መሥሪያ ቤቶች ወላይታ ሶዶ፣ አርባ ምንጭ፣ ዲላ፣ ጂንካ፣ ሳውላና ካራት ላይ ተከፋፍለዋል። ርችቱም በየዓመቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዙር። ለመጪው እንቁጣጣሽ ተራው የማን እንደሆነ ነሐሴ ሳያልቅ ቢያሳውቁን፣ ከየዞኑ መምጣት የሚፈልግ ሰው ትራንስፖርቱን ቀደም ብሎ ያዘጋጃል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የክልሉ ነዋሪ