ቀለበቱ ይቆይ፣ ቻምበሩ ይቅደም

ለዝግጅት ክፍሉ፦

በቅርቡ ያወጣችሁት «ኢትዮጵያ ሲንክሮትሮን ያስፈልጋታል» የሚለው ጽሑፍ ኤሌክትሮኖች እየዞሩ ብርቱ ብርሃን ስለሚያመነጩበት ቀለበት ብዙ ብሏል፤ ብርሃኑ ከሞለኪዩሉ ኤሌክትሮን አውጥቶ አዮን ስለሚያደርግበት አየር አልባ ዕቃ፣ ማለትም ስለ ቻምበሩ፣ ግን ምንም አላለም። አፍሪካ ውስጥ እስካሁን አንድም ቀለበት የለም፤ ብርሃኑ ግን በውሰት ይገኛል። ፓሪስ አጠገብ ባለው የሶሌይ ሲንክሮትሮን «ዴዚር» የተባለው የብርሃን መስመር ከ5 እስከ 40 ኤሌክትሮን ቮልት (የጉልበት መለኪያ ነው) ያለው አልትራቫዮሌት ይሰጣል፤ የራሱን ቻምበር ይዞ ለሚመጣም ቦታ አለው። ቻምበሩን ቂሊንጦ ወይም አቃቂ ባለ ወርክሾፕ መጀመር ይቻላል።

ይህ አልትራቫዮሌት በአብዛኛው አየር ውስጥ አይጓዝም። ከ11.8 ኤሌክትሮን ቮልት በላይ ሲሆን ለመስኮት የሚሆነው ክሪስታል ሊቲየም ፍሎራይድ እንኳ ያግደዋል፤ ስለዚህ በቀለበቱና በናሙናው መካከል መስኮት የለም፣ ጠባብ ቀዳዳዎችና በፍጥነት እየተሽከረከሩ አየር የሚያስወጡ ቱርቦ ፓምፖች ብቻ። ብርሃኑን የሚያመነጨው የማግኔት ድርድር፣ አንዱሌተሩ፣ 10 ኤሌክትሮን ቮልት ሲጠየቅ 20ና 30ም አብሮ ይልካል። ትርፉን አርጎን የተሞላ ማጣሪያ ከ15.76 ጀምሮ ይውጠዋል። መሥራቱን ማረጋገጥ ቀላል ነው፦ ብርሃኑን 10 ላይ አድርጎ ጥቂት ናይትሮጅን መልቀቅ። ናይትሮጅን አዮን ለመሆን 15.58 ስለሚፈልግ በአዮን ክብደት መለኪያው 28 ቁጥር (የናይትሮጅን ክብደት) ላይ ምንም መታየት የለበትም፤ ከታየ ማጣሪያው አሳልፏል ማለት ነው።

እዚህ አገር ለሙከራ 10.6 ኤሌክትሮን ቮልት የሚሰጥ የክሪፕተን መብራት ይበቃል። ቤንዚን (9.24) አዮን ይሆናል፣ ውኃ (12.62) አይሆንም። በእርግጥ ቤንዚን ስንል ነዳጅ ማደያ የሚሸጠውን ሳይሆን ባለ ስድስት ካርቦኑን ነው።

የከተማ ዳርቻው ትልቁ ጠላት መብራት መጥፋት ነው። ቱርቦው ሲቆም ከዘይት ፓምፑ የሚነሳው ተን ወደ ቻምበሩ ይመለሳል፤ ከዚያ ወዲያ እየጋገሩ ማጽዳት ነው። መብራት ሲሄድ በራሱ የሚዘጋ ቫልቭ፣ ከተቻለም ዘይት አልባ ፓምፕ፣ ከጄኔሬተር በፊት ይገዛ።

ሌላው መግነጢስ ነው። አዲስ አበባ የመሬት መግነጢስ ወገብ አጠገብ ስላለች መስኩ ከሞላ ጎደል አግድም ተኝቶ ወደ ሰሜን ያመለክታል፤ መጠኑ 36 ማይክሮቴስላ ገደማ ነው። ከሞለኪዩሉ የወጣ 1 ኤሌክትሮን ቮልት ጉልበት ያለው ኤሌክትሮን መስኩን ሲያቋርጥ ሬዲየሱ 9 ሴንቲ ሜትር ገደማ በሆነ ክብ ተጠምዞ ዲቴክተሩን ይስታል። ኤሌክትሮኑ የሚበርበት ቱቦ ሰሜንና ደቡብ ከተጋደመ፣ ኤሌክትሮኑ መስኩን ተከትሎ ስለሚሄድ ችግሩ ይደበቃል፤ ክፋቱም እሱ ነው። ፈረንሳይ መስኩ ዘቅዝቆ መሬት ስለሚገባ፣ እዚህ ያለፈው ዕቃ እዚያ ይወድቃል። ስለዚህ ቱቦው ምሥራቅና ምዕራብ ዞሮ፣ ቆሞም ይፈተን። የመግነጢስ መከለያው ሙሜታል (የኒኬልና የብረት ቅይጥ) ይሁን፤ መዶሻ ያረፈበት ሙሜታል እንደገና እቶን ካልገባ ዋጋ የለውም። አጠገቡ ማግኔት የሚይዘው ቡሎን አይግባ።

የአዮኑ ክብደት የሚታወቀው በበረራ ጊዜው ነው። ሰዓቱን የሚያስነሳው አብሮት የወጣው ኤሌክትሮን ነው፤ አዮኑ ለምሳሌ 10 ማይክሮሰከንድ ዘግይቶ ይደርሳል። በሰከንድ 100,000 ሞለኪዩል አዮን ከሆነ በዚያች ቅጽበት በአማካይ አንድ ሌላ ይወለዳል፤ የትኛው ኤሌክትሮን የየትኛው አዮን እንደሆነ አይለይም። ወደ 10,000 ማውረድ ይሻላል። ብርሃን በበዛ ቁጥር ውጤት ያምራል የሚለው የጽሑፉ አነጋገር እዚህ ላይ አይሠራም።

በመጨረሻም፣ በጽሑፉ የ10 ኤሌክትሮን ቮልት ብርሃን የሞገድ ርዝመት 12.4 ናኖ ሜትር ነው የተባለው 124 ተብሎ ይታረምልን።

ከአክብሮት ጋር፣
የቫኪዩም ባለሙያዎች፣ ከቂሊንጦ