እማዬ፣ ሰውዬውን አገኘሁት

ይድረስ ለምወድሽና ለምናፍቅሽ እናቴ፣

እማዬ እንዴት ነሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ብርዱ ብቻ ነው ያልለመደልኝ።

ባለፈው ስልክ ላይ «እዚያ ጭጋግ ውስጥ ምን ይታያል ብለህ ነው የምትዞረው?» ብለሽ ስቀሽብኝ ነበር። ሰፊ ወሬ ስለሆነ ነው በደብዳቤ ያደረግኩት። አምስተኛ ክፍል ሆኜ «ጄምስ ብሩስ የዓባይን ምንጭ አገኘ» እያልኩ ሳጠና ምን እንዳልሽ ትዝ ይልሻል? ሽንኩርት እየከተፍሽ ነበር። «የቱን ምንጭ? እናቴ የምትጠመቅበትን?» አልሽ። በማግስቱ ክፍል ውስጥ ይህንኑ ደግሜ ተቀጣሁበት።

ያ ሰውዬ፣ ተጓዡ ብሩስ፣ የተቀበረው እዚህ አገሩ ስኮትላንድ ነው። ቅዳሜ ሄጄ አየሁት።

ላርበርት የምትባል ትንሽ ከተማ ናት፤ ከኤድንብራ በባቡር ብዙም አትርቅም። ቱሪስት ግን ዝር አይልባትም። ሁሉም የሚጎርፈው ጎረቤቷ ፎልከርክ ነው፣ 30 ሜትር የሚረዝሙ የሁለት ፈረሶች የብረት ጭንቅላት ሊያይ። አልዋሽሽም፣ እኔም መጀመሪያ እዚያ ነው የሄድኩት።

ፈረሶቹን ኬልፒ ይሏቸዋል። የውሃ ጋኔን ናቸው። እንደ ተረታቸው፣ ኬልፒ የሚያምር ፈረስ መስሎ ወንዝ ዳር ይቆማል። ልጆች ሲያዩት ይወጡበታል። አንድ ልጅ በጨመረ ቁጥር ጀርባው ይረዝማል። ከዚያ እጃቸው ቆዳው ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ እሱም ይዟቸው ውሃ ውስጥ ይገባል። አንዱ ልጅ ብቻ የነካበትን ጣቱን በቢላ ቆርጦ አመለጠ ይላሉ። እኔ ደግሞ አያቴ በቀትር ወንዝ እንዳንወርድ ስትከለክለን ትዝ አለኝ። ልጅን ከውሃ የምታርቅ አያት እዚህም ነበረች ማለት ነው። የእነሱ ቢላ መጨመሯ ብቻ ትንሽ በዛ።

ወደ መቃብሩ ስሄድ ዝናቡ ከላይ ሳይሆን በጎን ነበር የሚመጣው። ጃንጥላዬ ተገልብጦ ተሰበረ፣ ስልኬ መንገድ አሳሳተኝ። በመጨረሻ አሮጌው የላርበርት ቤተ ክርስቲያን ግቢ ገባሁ። ማንም የለም። እኔና ቁራዎቹ ብቻ።

ሐውልቱ እንደሌሎቹ ድንጋይ አይደለም፣ ብረት ነው። ካሮን የሚባል ስመ ጥር የብረት ፋብሪካ እዚያው አካባቢ ነበር፤ መድፍ ሁሉ ይሠራ ነበር። ብሩስ ሚስቱ ሜሪ እ.ኤ.አ. በ1785 ስትሞትበት ነው ያሠራላት፤ በኋላ እሱም አጠገቧ ተቀበረ። በመዳፌ ነካሁት። ቅዝቃዜው አጥንት ድረስ ይገባል። የተጻፈበትን ሳነብ፣ እንዲያው ሳቄ መጣ። የናይልን ምንጮች አገኘ ይላል! ቢያንስ ፔድሮ ፓኤዝ የተባለው ስፔናዊ ቄስ እንኳ በ1618 ቦታውን ረግጦታል፤ የአገሩን ሰው ማ ቆጠረው። ዝናቡ ውስጥ ቆሜ «የቱን ምንጭ?» አልኩት፣ ባንቺ ድምፅ።

ግን እማዬ፣ ሰውዬው የሚናቅ አይደለም። ጎንደር የገባው በ1770 ነው። የእቴጌ ምንትዋብን ቤተሰብ ፈንጣጣ ሲይዛቸው ያከመው እሱ ነው። ስሙን ያጎቤ ይሉት ነበር። ከምንጩ፣ ከግሽ ዓባይ፣ የደረሰው በዚያው ዓመት ኅዳር አካባቢ ነው። ሲመለስ መጽሐፈ ሄኖክን በግዕዝ ይዞ መጣ። አውሮፓ መጽሐፉን ሙሉውን ካጣው ከሺህ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። እኛ ግን ስንጸልይበት ኖረናል። አገሩ ገብቶ ሐበሻ ጥሬ ሥጋ ይበላል ብሎ ሲያወራ፣ ውሸታም ብለው ሳቁበት። ቁርጥ ቤት ወስዶ የሚያሳያቸው ሰው አጣ።

ከዚያ ሁሉ ወንዝ፣ ጦርነትና በረሃ ተርፎ እንዴት እንደሞተ ልንገርሽ? በ1794 ገዛ ቤቱ ውስጥ፣ እንግዳ ሊሸኝ ሲል ከደረጃ ወድቆ። ስለዚህ እባክሽ የጓሮውን ደረጃ ብቻሽን አትውረጂ። ልጅቷን ጥሪያት።

በስብሼ አንድ ምግብ ቤት ገባሁና ሃጊስ አዘዝኩ። የበግ ልብ፣ ጉበትና ሳንባ ከትፈው፣ ከአጃ፣ ከሽንኩርትና ከሞራ ጋር ለውሰው፣ በጨጓራው ሞልተው ይቀቅሉታል። የዱለት ዘመድ በይው። ሳንባ ሲባል ፊትሽን እንዳጨማደድሽ ይታየኛል፤ ግን ይጣፍጣል። ሚጥሚጣ ቢኖር ደግሞ! ከጥምቀት በኋላ ባለው ሳምንት፣ ጥር 17፣ የገጣሚያቸውን የሮበርት በርንስን ልደት ሲያከብሩ ለሃጊሱ ቆመው ግጥም ያነቡለታል፣ ከዚያ በቢላ ይወጉታል። አጃውን ጠዋት ጠዋት እንደ ገንፎ ይበሉታል። ቅቤ የለው፣ በርበሬ የለው። እሱን ይቅርታ አላደረግኩላቸውም።

አንድ ነገር ልጨምር። በ1994 ዓ.ም. ከመቅደላ የተዘረፈው ታቦት ሲመለስ፣ ነጠላሽን አጣፍተሽ እኔን እየጎተትሽ መንገድ ላይ መቆምሽን አልረሳም። እኔ በሰው እግር መሀል ሆኜ እልልታውን ብቻ ነው የሰማሁ። ያ ታቦት የተቀመጠው እዚህ ኤድንብራ መሀል፣ የቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን ቁም ሳጥን ውስጥ ነበር። ያወቁት ኢትዮጵያ ኖረው የነበሩ የዚያው የቤተ ክርስቲያን ቄስ ናቸው። ወደ ሥራ ስሄድ በየቀኑ በደጁ አልፋለሁ። ሰኞ ቆሜ ሳማትብ አንዲት ሴትዮ አየችኝና «የጠፋብህ ነገር አለ?» አለችኝ።

«ተገኝቷል» አልኳት።

ግሽ ዓባይ ሰከላ ስትሄጂ አቡነ ዘርዓ ብሩክ መጻሕፍቶቻቸውን ለዓባይ አደራ የሰጡበትን ታሪክ የሚያውቁ አባት ካሉ አስወሪልኝና በስልክሽ ቅጅልኝ። እዚህ ላሉ ጓደኞቼ የኬልፒውን ብድር ልመልስላቸው ነው። ጠበል በጠርሙስ አትላኪ፣ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ይጥሉታል። በሶ ላኪልኝ። ትንሽ ሚጥሚጣም።

ጉልበትሽን ሳምኩ።

ልጅሽ